ቤትን ስለ ማደስና ከሠራተኛ ጋር ስለ መስማማት

ክረምቱ አልፎ የመስከረም ፀሐይ ስትወጣ በየመንደሩ የመዶሻ ድምፅ ይሰማል። ጣራው ያፈሰሰበት ጣራውን፣ ግድግዳው የተሰነጠቀበት ግድግዳውን ሊያበጅ ይነሣል፤ ልጁን ሊድር ያሰበም አንድ ክፍል ይቀጥላል፤ ጓዳውን ያሰፋል። ይህ አሳብ የሚመሰገን ነው። ልጆች ያደጉበት፣ እንግዳ የተስተናገደበት፣ ሽማግሌዎች የመረቁበት ቤት ሲያረጅ ዝም ብሎ ማየት አይገባምና። ነገር ግን በደስታ የተጀመረው እድሳት ብዙ ጊዜ በመካከሉ ገንዘብ አልቆ ይቆማል፤ ባለቤትና ግንበኛ ይካሰሳሉ፤ ባልና ሚስት ይኮራረፋሉ፤ ጣራው የተነሣለት ቤት ሳይከደን ሰኔ ይደርስበታል። እንግዲህ ይህ ችግር ከምን የመጣ ነው? መከላከያውስ ምንድን ነው?

ነገሩን መርምረን ስንመለከተው ሥሩ ከሁለቱ ከአንዱ አይወጣም፤ ወይም ሥራው ከውሉ ቀድሟል፤ ወይም ገንዘቡ ከሥራው ቀድሟል። ባለቤቱ «ስንት ይፈጃል?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ግንበኛው ዙሪያውን በዐይኑ ቃኝቶ «ጋሼ፣ እርስዎ ብቻ ይጀምሩ እንጂ ለዋጋው አንጣላም» ይለዋል። ይህች «አንጣላም» የምትባለው ቃል የጠቡ ሁሉ መጀመሪያ ናት። ስለዚህ ለአንባቢዎቻችን የምናሳስበው አንድ ቅደም ተከተል ነው፤ ይኸውም ሒሳቡ ከውሉ፣ ውሉ ከመዶሻው፣ ሥራውም ከክፍያው ይቅደም የሚል ነው። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ስለ ግንብ ሠሪው የተነገረውም ምሳሌ፣ ሳይቈጥር የጀመረ ሰው በኋላ የሰው መሳቂያ እንደሚሆን ያስተምረናል።

ነገሩን በቀላሉ መመልከት የማይገባን፣ ለእድሳቱ የሚወጣው ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ ስናስብ ነው። በአንዱ ቤት ከጡረታ አበል ላይ የተቈጠበ ነው፤ በሌላው ከዕቁብ የወጣ፣ ወይም ከቁጠባና ብድር ማኅበር የተበደሩት ነው። በብዙ ቤት ደግሞ ልጅ ከባሕር ማዶ የላከችው ነው። በዐረብ አገር በሰው ቤት የምታገለግል ልጅ «እማዬ፣ ዘንድሮስ ጣራው ይለወጥ» ብላ የምትልከው ገንዘብ የወጣትነቷ ዘመን ዋጋ ነው። ይህን ገንዘብ በመላ ምት ማባከን ዕቃን ከማባከን የከፋ ነው።

ሕመሙን ከመልኩ ማስቀደም

እድሳት ሲታሰብ የሁላችንም ዐይን አስቀድሞ የሚያርፈው በመልክ ላይ ነው፤ በቀለሙ፣ በኮርኒሱ፣ በወለሉ ንጣፍ። ቤትን የሚጥለው ግን የቀለሙ መደብዘዝ ሳይሆን ውኃ ነው። ስለዚህ ግንበኛ ከመጠራቱ በፊት ቤተ ሰቡ ደብተርና እርሳስ ይዞ ቤቱን ከውስጥም ከውጭም ይዙር፤ ቢቻል ዝናም ባባራ ሰዓት ይሁን። ጣራው የቱ ጋ ያፈስሳል? ከጣራው የሚወርደው ውኃ የት ይሄዳል? ከግድግዳው ግርጌ የረጠበ፣ የሻገተ፣ ምስጥ የወጣበት ቦታ አለን? በሮቹ አልዘጋ ብለው እንደ ሆነ መሠረቱ ሰምጦ ይሆንን? ይህ ሁሉ ይጻፍ።

በተለይ በጭቃ ቤት የምንኖር ሰዎች ልናስተውለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። የጭቃ ቤት አጥንቱ እንጨት ነው። አሸንዳ ከሌለው ጣራ የሚወርደው ውኃ መሬት ላይ እየተፈናጠረ የግድግዳውን ግርጌ ሲያርስ ይኖርና፣ ማገሩና ቋሚው ከሥር ይበሰብሳል። እንዲህ ያለውን ግድግዳ በሲሚንቶ ቢለስኑት ለጊዜው አዲስ ይመስላል፤ ነገር ግን ጭቃና ሲሚንቶ እኩል ስለማይለጠጡና እኩል ስለማይኰማተሩ ልስኑ ይሰነጠቃል፤ ይልቁንም ከውስጥ ያለው እርጥበት መውጫ ያጣና የእንጨቱን መበስበስ ያፋጥነዋል። ስለዚህ ቅድሚያው አሸንዳ መትከል፣ ውኃው ከቤቱ የሚርቅበት ቦይ መቅደድ፣ የበሰበሰውን ቋሚ መለወጥ ነው። ልስኑ ከዚያ በኋላ ይምጣ፤ በሲሚንቶ እንዲሆን ከተፈለገም ጭቃው ላይ የሽቦ መረብ በምስማር ተመትቶ እንጂ እንዲሁ አይለጠፍ።

በኮንዶሚኒየም የሚኖር ቤተ ሰብም የራሱ ጥንቃቄ አለው። ክፍል ለማስፋት ሲባል የሚነካው የብሎኬት ግድግዳ እንጂ ሕንፃውን የተሸከመው ዐምድና አግዳሚው ኮንክሪት ፈጽሞ አይደለም። የመታጠቢያ ክፍሉ ወለል ሲነሣም ውኃ እንዳያሳልፍ ሆኖ ካልተሠራ ጉዳቱ ከሥር ባለው ጎረቤት ጣራ ላይ ይወርዳል።

ከዚህ ሁሉ ጋር ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ሄዶ ሁለት ነገር መጠየቅ ያስፈልጋል። አንደኛው የታሰበው ሥራ ፈቃድ የሚጠይቅ መሆን አለመሆኑን ነው። ሁለተኛው ቤቱ ያለበት ቦታ በከተማው ፕላን ለመልሶ ማልማት ተይዞ እንደ ሆነ ነው። ነገ የሚነሣን ቤት ዛሬ በብዙ ገንዘብ ማሳመር አሳዛኝ ነውና።

ሒሳቡን መጥኖ መያዝ

አባቶቻችን መጥኖ መደቆስ ያሉት ለወጥ ብቻ አይደለም፤ ለቤት ሥራም ይሆናል። መመጠን ማለትም መለካት ነው። በሜትር የሚለካ ባለቤት በቃል አይታለልም። ለምሳሌ ርዝመቱ 4 ሜትር፣ ቁመቱ 3 ሜትር የሆነ ግድግዳ 12 ካሬ ሜትር ነው። በተለመደው 40 በ20 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት አንድ ካሬ ሜትር 12 ተኩል ያህል ስለሚወስድ፣ ለግድግዳው 150 ብሎኬት ይበቃል፤ ለሚሰበረው ስምንት ያህል ይጨመርበት፤ በርና መስኮት ካለው ደግሞ ስፋቱ ይቀነስለት። እንዲሁም አራቱም ወገን 4 ሜትር፣ ቁመቱ 3 ሜትር የሆነ ክፍል ግድግዳው በጠቅላላ 48 ካሬ ሜትር ነው። አንድ ሊትር ቀለም አንድ ጊዜ ሲቀባ 10 ካሬ ሜትር ገደማ ስለሚሸፍን፣ ሁለት ጊዜ ለመቀባት 10 ሊትር ያህል ያስፈልጋል ማለት ነው። ይህን የሚያውቅ ባለቤት 20 ሊትር ግዛ ሲሉት «ስለ ምን?» ብሎ ይጠይቃል።

የዕቃውንም ዐይነት ማወቅ ይገባል። ቆርቆሮ በሚገዛበት ጊዜ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ውፍረቱ እንደሚጨምር ብዙ ሰው አያስተውልም፤ ባለ 28ቱ ከባለ 32ቱ ይወፍራል። ውል ላይ «ቆርቆሮ» ተብሎ ብቻ ከተጻፈ የሚመጣው ስሱ ነው። ባለ 12 ሚሊ ሜትር ብረት ሙሉ ርዝመቱ 12 ሜትር ሆኖ ክብደቱ ከ10 ኪሎ ተኩል በላይ ነው፤ በሚዛን በጣም ከቀለለ ውፍረቱ ጎድሏል። 50 ኪሎ የሚይዘው የሲሚንቶ ከረጢትም እርጥበት የሚፈራ ስለ ሆነ ከመሬት ከፍ ብሎ በእንጨት ላይ ይደርደር እንጂ ለወራት ተከማችቶ አይቀመጥ።

እንግዲህ የገንዘቡን አከፋፈል በምሳሌ እንመልከት። አንድ ቤተ ሰብ ያለው 500,000 ብር ነው እንበል። ከዚህ ላይ 15 በመቶው፣ ማለት 75,000 ብር፣ አስቀድሞ ተለይቶ በሌላ የባንክ ደብተር ይቀመጥ። ይህ መጠባበቂያ ነው፤ ግንበኛውም መኖሩን ባያውቅ ይመረጣል። ቤት አሮጌ ሲሆን ግድግዳው ካልተከፈተ በውስጡ ያለው ጉድ አይታወቅምና። የቀረው 425,000 ብር በደረጃ ይደልደል፤ ለጣራ፣ ለአሸንዳና ለውኃ መሄጃ 170,000፤ ለኤሌክትሪክና ለቧንቧ 85,000፤ ለግድግዳና ለወለል 120,000፤ ለቀለምና ለማሳመሪያ 50,000 ብር። ቁጥሮቹ ምሳሌ ብቻ ናቸው፤ እያንዳንዱ ቤት እንደ ሕመሙ ይለዋወጣሉ። ቅደም ተከተሉ ግን አይለወጥ። ገንዘብ ቢያንስ የሚቀረው ከታች ያለው ቀለሙ ይሁን እንጂ ከላይ ያለው ጣራው አይሁን።

መጠባበቂያው ስለ ምን እንደሚያስፈልግ የቅርብ ጊዜ ታሪክ ምስክር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ገንዘብ ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ባደረገ ጊዜ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ከውጭ የሚመጣ ወይም ጥሬ ዕቃው ከውጭ የሚገባ ሁሉ፣ ብረቱም ሴራሚኩም የኤሌክትሪክ ሽቦውም፣ የምንዛሬውን ለውጥ ይከተላል። ስለዚህ ከውጭ የሚመጣውንና የማይበላሸውን ዕቃ ገንዘቡ በእጅ እንደ ገባ መግዛት ብልኅነት ነው። ዋጋ ስንጠይቅም 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ የታከለበት መሆኑን እንጠይቅ፤ ለጠቅላላው ሒሳብ ሲሆን ይህ ትንሽ ገንዘብ አይደለም።

ሠራተኛን መምረጥና ውል መጻፍ

ጥሩ ሠራተኛ የሚታወቀው በአንደበቱ ሳይሆን ባለፈው ዓመት በሠራው ሥራ ነው። «አንድ ክረምት ያለፈበት ሥራህን አሳየኝ» ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም። የዚያን ቤት ባለቤትም በቀኑ ደርሶ እንደ ሆነ፣ በመካከሉ ዋጋ ጨምር ብሎ እንደ ሆነ፣ ጉድለት ሲገኝ ተመልሶ አርሞ እንደ ሆነ ጠይቆ መረዳት ያሻል። ከዚያም ያንኑ አንድ ዝርዝር ለሦስት ሠራተኞች ሰጥቶ ዋጋ መቀበል ነው። ዝርዝሩ የተለያየ ከሆነ ዋጋውን ማወዳደር አይቻልም። ከሁለቱ እጅግ ያነሰ ዋጋ ያቀረበውን ሰው ደስ ብሎን ከመቀበላችን በፊት የቱን ሥራ እንዳልቈጠረው እንጠይቅ፤ ያልተቈጠረው በኋላ መምጣቱ አይቀርምና።

ዋጋ የሚቈረጠው በሦስት መንገድ ነው። አንዱ ባለቤቱ ዕቃውን አቅርቦ ለሠራተኛው የእጅ ዋጋ ብቻ በካሬ ወይም በጠቅላላ የሚከፍልበት ነው። ይህ የዕቃውን ጥራት በባለቤቱ እጅ ያደርጋል፤ ነገር ግን ሲሚንቶ ያለቀ ዕለት ሥራው ይቆማል። ሁለተኛው ሠራተኛው ከነዕቃው የሚይዝበት ነው፤ ድካም ያቀላል፤ የዕቃው ዐይነት በዝርዝር ካልተጻፈ ግን ርካሹን ይጋብዛል። ሦስተኛው የቀን ክፍያ ነው፤ ለትናንሽ ጥገና ሲሆን መልካም ነው፤ ለትልቅ ሥራ ግን ቀኑን ያስረዝማል።

መንገዱ ከተመረጠ በኋላ ውል ይጻፍ። ብዙ ሰው ሠራተኛው ያገር ልጅ ስለ ሆነ፣ ወይም የክርስትና ልጅ ስለ ሆነ፣ ውል ማስጻፍ አለመተማመን ይመስለዋል። እኛ ግን ለዘመድ ውል ይበልጥ ያስፈልጋል እንላለን፤ ከባዕድ ጋር ቢጣሉ የሚጠፋው ገንዘብ ነው፤ ከዘመድ ጋር ቢጣሉ ግን ዝምድናውም አብሮ ይጠፋል። በውሉ ላይ የሥራው ዝርዝር፣ የዕቃው ዐይነትና መጠን፣ ጠቅላላ ዋጋው፣ የአከፋፈሉ ደረጃ፣ የሚጀመርበትና የሚያልቅበት ቀን፣ ለዘገየበት የሚከፈለው መቀጫ፣ የፈረሰውን አፈርና ድንጋይ የሚያነሣው ማን እንደ ሆነ ይጻፍ።

ሕጉም በዚህ ረገድ ይረዳናል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1727 በጽሑፍ የሚደረግ ውል በሁለት ምስክሮች ፊት እንዲረጋገጥ ይጠይቃል። ስለ ቀብድም በቁጥር 1885 ሲደነግግ፣ ቀብድ ሰጪው ውሉን ባይፈጽም ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ ባይፈጽም ግን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል ይላል። ስለዚህ በመጀመሪያ የሚሰጠው ገንዘብ ቀብድ ነው ወይስ ቅድሚያ ክፍያ? ይህ በግልጽ ይጻፍ። ደግሞም በቁጥር 3039 መሠረት በማይንቀሳቀስ ንብረት ላይ የሠራ ሥራ ተቋራጭ፣ ካስረከበበት ቀን ጀምሮ እስከ 10 ዓመት ድረስ ለሥራው መልካም አሠራርና ጽናት ዋስ ነው። ይህን ማወቅ ለመክሰስ ሳይሆን፣ ባለቤትም ሠራተኛም ከመጀመሪያው በማስተዋል እንዲሠሩ ይጠቅማል።

አሁን ወደ ክፍያው እንምጣ። የእጅ ዋጋው 100,000 ብር ነው ብንል፣ ሲጀመር 15,000 ይሰጥ፤ ጣራው ተከድኖ ሲያልቅ 25,000፤ የኤሌክትሪኩ መስመርና የቧንቧው ሥራ ሳይሸፈን ተፈትኖ ደኅና ሲሆን 25,000፤ ልስኑና ወለሉ ሲፈጸም 25,000 ይከፈል። የቀረው 10,000 ብር ከርክክቡ በኋላ 30 ቀን ቆይቶ፣ የታየው ጉድለት ሁሉ ታርሞ ይሰጥ። በዚህ ዐይነት ሠራተኛው የሠራውን ያገኛል፤ ባለቤቱም ያልተሠራ ሥራ አይከፍልም። ልጆቻቸው ከባሕር ማዶ ገንዘብ የሚልኩላቸው ወላጆችም ይህንኑ ደረጃ ለልጆቻቸው ቢነግሩ፣ ገንዘቡ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሳይመጣ እንደ ሥራው አካሄድ ይመጣል፤ ሥራውም በየደረጃው ፎቶግራፍ ተነሥቶ ቢላክላቸው ልባቸው ያርፋል።

ሥራው በሚካሄድበት ጊዜ

ሥራው ከተጀመረ በኋላ ትልቁ የወጪ በር የአሳብ መለወጥ ነው። እናት መስኮቱ እንዲሰፋ ታዝዛለች፤ አባት ሳያውቅ ልጅየው በሩን ወደ ሌላ ወገን ያዞራል፤ ሠራተኛው ሁሉንም «እሺ እትዬ፣ እሺ ጋሼ» እያለ ይሠራና በመጨረሻ የሁሉንም ዋጋ ያቀርባል። በዚህ ጊዜ ጥፋቱ የእርሱ ነውን? አይደለም። ስለዚህ ቤተ ሰቡ ማታ ማታ ይመካከር፤ ለሠራተኛው ትእዛዝ የሚሰጥ ግን አንድ ሰው ብቻ ይሁን። ተጨማሪ ሥራም ቢፈለግ፣ ከመሠራቱ በፊት ዋጋው በዚያው የውል ወረቀት ላይ ተጽፎ ሁለቱም ይፈርሙበት።

የሚሸፈን ሥራ ሁሉ ሳይሸፈን ይታይ። ቧንቧው ውኃ ተለቆበት አንድ ሌሊት ይደር። የኤሌክትሪክ መስመሩን ፈቃድ ያለው ባለሙያ ይዘርጋው። የእንጀራ ምጣድ ብቻውን እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል፤ ይህም በ220 ቮልት 18 አምፔር ያህል ስለ ሆነ፣ ለብቻው ወፈር ያለ ሽቦና ለብቻው ብሬከር ያስፈልገዋል። በቀጭኑ የአምፖል መስመር ላይ ምጣድ መሰካት እሳትን በቤት ውስጥ ማኖር ነው። ኮንክሪት ከፈሰሰም በኋላ ቢያንስ 7 ቀን ውኃ ይጠጣ፤ ሙሉ ጥንካሬውን ለማግኘት 28 ቀን ያህል ይፈጅበታልና፣ ተቻኩሎ ማስጫን አይገባም።

የዘመኑንም አቈጣጠር አንርሳ። የጣራ ሥራ ከጥቅምት ወዲህ ተጀምሮ ከግንቦት በፊት ማለቅ አለበት። ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ ለመስቀል፣ ለልደትና ለትንሣኤ ወደየአገራቸው ይሄዳሉ፤ ስለዚህ ውሉ ላይ የሚጻፈው ቀን እነዚህን በዓላት ያሰላ ይሁን። ለበዓል እንዲደርስልን ብለን ማስቸኰልም ሥራውን ያበላሻል፤ እርጥብ ልስን ላይ የተቀባ ቀለም ለበዓሉ ቢያምርም ብዙ ሳይቆይ ይላጣል።

በመጨረሻ ስለ ቀን ሠራተኞች ሳንናገር አናልፍም። አሸዋ የምታመላልሰው ሴት፣ ጭቃ የሚያቦካው ጎበዝ፣ ውላቸው ከባለቤቱ ጋር ሳይሆን ከግንበኛው ጋር ነው። ግንበኛው ገንዘቡን ይዞ ቢሰወር ግን ደጃችን ላይ ቆመው የሚያለቅሱት እነርሱ ናቸው። የሠራተኛን ዋጋ ማሳደር በመጽሐፍ የተከለከለ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ደረጃውን ጠብቀን ስንከፍል፣ የቀን ሠራተኞቹ በየሳምንቱ ቅዳሜ ዋጋቸውን ማግኘታቸውን እንጠይቅ፤ ይህም በውሉ ላይ ይግባ። የሚወጡበት መወጣጫ የጸና መሆኑን እንይ፤ የሚጠጡት ውኃ አናሳጣቸው።

ሥራው ሲያልቅ ባለቤትና ሠራተኛ ውሉን ይዘው ቤቱን አብረው ይዙሩ፤ የተፈጸመውንም የጎደለውንም በጽሑፍ ያስፍሩ፤ ውሉና ደረሰኞቹም በአንድ ላይ ተጠብቀው ይቀመጡ። ሠላሳው ቀን ሞልቶ ጉድለቱ ከታረመ ግን የቀረው ገንዘብ አንድ ቀን ሳያድር ይከፈለው፤ እኛ እርሱን በቀኑ ያልነው ሁሉ እርሱም እኛን በቀናችን ሊለን ይገባዋልና። እንዲህ ያደረገ ቤተ ሰብ የሚመጣው ክረምት ደርሶ አንዲት ጠብታ ቢያይ፣ ያንኑ ሰው ያለ ፍርሃት ሊጠራው ይችላል፤ ሠራተኛውም ያለ ማመንታት ይመጣል።